እትዬ ታን የፈተሸችው ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ቬፕ

እኛ ሰፈር፣ ሻጂንግ ውስጥ፣ ፎርጅድ መሥራት ብዙ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው አበላሽቶ መሥራት ነው። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኦርጅናሉን ቬፕ፣ ፈሳሽ እያሞቀ ጢስ የሚያወጣውን የባትሪ ሲጋራ፣ እንገጣጥማለን። ከመንገዱ ማዶ፣ ከሩዝ ጥቅልል ሻጩ በላይ ደግሞ ያንኑ የእኛን ቬፕ ፎርጅድ አድርገው የሚገጣጥሙ አሉ። ምሳ ሰዓት አንድ ወረፋ ላይ እንሰለፋለን፤ እንደ ጎረቤት ሰላም እንባባላለን። የሳጥናችን ቀለም ሊቀየር ሲል ከእኛ ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው። አንድ ጊዜማ አንዷ ልጃቸው «አዲሱ ሐምራዊ አያምርም» ስትለኝ፣ ሐምራዊ መሆኑን እኔ ገና አልሰማሁም ነበር።

ስሜ ዌይ ነው፤ የጓንግሺ ሰው ነኝ። የማወራው ግን ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ታን ሹፋንግ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሁናን ተወልዳ፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ በአውቶቡስ ወደዚህ ወርዳ፣ የጫማ ሙጫ ቀብታ፣ የአሻንጉሊት ዓይን ለጥፋ፣ በመጨረሻ እኛ ዘንድ የመጣች ሴት ናት። ይህ የማወራው ነገር ሲሆን ሃምሳ ሊሞላት ትንሽ ቀርቷት ነበር። ሁላችንም «እትዬ ታን» ነው የምንላት። በአሥር ዓመት የምትበልጠው አለቃችን ሆንግ እንኳ፣ ቁጣ ካልያዘው በቀር፣ እንደዚያው ነው የሚጠራት።

ሥራዋ መሳብ ነበር። ቬፕ ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው አንዴ ስቦ ካላየው መሥራቱ አይታወቅም። እትዬ ታን አፉ ላይ ንጹሕ የጎማ ቆብ ታጠልቃለች፣ አንዴ ትስባለች፣ መብራቱ ብልጭ ማለቱን ታያለች፣ ጢሱን ወደ ሳንባዋ ሳታወርድ እፍ ብላ ትተፋለች፣ ከዚያ ሌላውን ታነሳለች። በቀን ስድስት ሺህ። ሲጋራ ግን ጠላቷ ነው። ባሏ ሲለኩስ ካየች ከነወንበሩ ወደ በረንዳ ታስወጣዋለች። «ለደሞዝ ስስብ ውዬ እቤቴ በነጻ ልስብ?» ትለዋለች።

እጅዋ ግን ሌላ ነው። አንዱን ቬፕ መዳፏ ላይ ታስቀምጥና «የዚህ ጥጥ አጥሯል» ትላለች፤ ሲከፈት እውነትም አጥሯል። ፈሳሹን በቅጡ ያልጠጣ ጥጥ ይቃጠላል፤ የሚስበው ሰው የተቃጠለ ጥጥ ይጠጣል ማለት ነው። ልል የሆነ ሽቦ፣ ሊያብጥ ያሰበ ባትሪ፣ ሁሉንም ትለየዋለች። «ያሰበ» የምለው ሳያብጥ በፊት ስለምታውቀው ነው። የከፈለችበት በምላሷ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ የማንጎና የሐብሐብ ጢስ አፏ ላይ ስለኖረ፣ እቤቷ የምትሠራው ዓሣ የሁናን በርበሬ ተከምሮበት እንኳ ማንጎ ማንጎ ይላታል።

ባለፈው ዓመት የሚስብ ማሽን ተገዛና እትዬ ታን ከእኔ ጋር ወደ ማሸጊያ ጠረጴዛ ተዛወረች። በዚያን ጊዜ የእውነት ፈራች። የፈራችው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጡረታ ለማግኘት አሥራ አምስት ዓመት መዋጮ መከፈል አለበት፤ የእሷ ሊሞላ ስምንት ወር ቀርቶት ነበር። መጀመሪያ ያሠሯት ሰዎች ጡረታ የሚል ቃል ሲሰሙ ጆሯቸው ይደነቁር ስለነበር መዋጮው የተጀመረላት በሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። አሁን ብትባረር ደግሞ ማን ይቀጥራታል? በየፋብሪካው በር ላይ «ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ አምስት ዓመት» ተብሎ ተለጥፏል። ስለዚህ በማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ አንዲት ስህተት ላለመሥራት ማለች። መዘዙን ያመጣውም ይኸው መሐላ ነው።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳንጀምር ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈን መፈክር እንጮሃለን። አለቃ ሆንግ ፊታችን ይቆምና «ጥራት ምንድን ነው?» ይላል። እኛ «ሕይወታችን!» እንላለን። «ከመቶው አንዱን ነው የምትፈትሹት?» ይላል። «እያንዳንዱን!» እንላለን። ከዚያ ገብተን እንቀመጥና፣ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው፣ ከመቶው አንዱን እንፈትሻለን። አለቃም ይህን ያውቃል። መፈክሩን እንደ ትእዛዝ የወሰደች በሕንፃው ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

እያንዳንዱ ሳጥን ላይ ኮድ አለ። በላዩ ላይ እንደ ሞባይል ካርድ የሚፋቅ ግራጫ ነገር ይለጠፍበታል። የገዛው ሰው ፍቆ በስልኩ ሲያነሳው ዕቃው ኦርጅናል መሆን አለመሆኑ ይነገረዋል። ኮዱ የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው፤ ይህን ግን ለማሸጊያ ሴቶች የነገረን የለም። እኛን ማን ምን ይነግረናል?

አንድ ቀን እትዬ ታን ግራጫው ከመለጠፉ በፊት እያንዳንዱን ሳጥን በራሷ ስልክ ስታነሳ አየኋት።

«እትዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«አለቃ እያንዳንዱን ፈትሹ አላለም?»

«ሲለን እኮ ስንት ዓመቱ!»

«በይ ይቺን እይልኝ» አለችና ስልኳን አዞረችልኝ። አበባ ይዘንባል፤ ከአበባው መሃል «እንኳን ደስ አለዎት! የገዙት ዕቃ ኦርጅናል ነው!» የሚል ይነበባል። «ዛሬ ብቻ አምስት መቶ ጊዜ ደስ ብሎኛል። ሃያ ሰባት ዓመት ሻጂንግ ስኖር አንድ ሰው እንኳን ደስ አለሽ ብሎኝ አያውቅም።»

ሳቅኩና ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ለዚያ ሳቅ እስካሁን ራሴን እረግማለሁ።

በዚያ ዓይነት ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ሳጥን ፈትሻ ጨረሰች። ዕቃው ተጭኖ ማሌዥያ፣ ኢፖ ከተማ ላለው ደንበኛችን ለአቶ ያፕ ሄደ።

ከወራት በኋላ ምሳ ላይ ሳለን አለቃ ሆንግ ስልኩን እንደ ጎራዴ አንስቶ ገባ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። «ጉድ ፈላ!» አለ። የአቶ ያፕ ደንበኞች ሳጥኑን እየፋቁ ሲያነሱት ስልኩ «ጥንቃቄ! ይህ ኮድ ከዚህ በፊት ተፈትሿል። የገዙት ዕቃ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል» ይላቸዋል። አንዱን ሳይሆን ሁሉንም። በዚያው በኢፖ ገበያ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ የተሠራው ፎርጅድ ደርሷል። የእሱ ኮድ የሚወስደው ፎርጅድ ሠሪዎቹ ራሳቸው ወደ ከፈቱት ገጽ ነው። እዚያ የሚቆጥር የለም፤ አሥር ጊዜ ቢያነሱት አሥር ጊዜ እንኳን ደስ አለዎት ይላል።

እትዬ ታን ኑድሉን የያዘችበት እንጨት አየር ላይ ቀረ። እኔን አየችኝ። አየኋት። ክንዷን ይዤ ወደ ደረጃው ጎተትኳት።

«ዌይ፣ እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ።»

«ኮዱን አንድ በአንድ የጨረስኩት እኔ ነኝ እኮ!»

«ዝም በይ አልኩሽ! ዝም አይነቅዝም። ሦስት ወር ከአሥር ቀን ነው የቀረሽ። አለቃ ዛሬ የኮምፒውተር ሰዎቹን ይወቅሳል፣ ነገ ማተሚያ ቤቱን ይወቅሳል፣ ከነገ ወዲያ መርከቡን ይወቅሳል። አንቺ ጋ እስኪደርስ ጡረታሽን ትበያለሽ።»

«የኮምፒውተሩ ልጆች ቢባረሩስ?»

«ወጣቶች አይደሉ? ሌላ ያገኛሉ።»

«አንቺ ልጅ፣ ልብሽ ከምን ተሠራ?» አለችኝ። ቢሆንም ዝም አለች። እኔ ባስያዝኳት ዝምታ አራት ቀን ከሳች።

በአምስተኛው ቀን አቶ ያፕ ራሱ መጣ። አጭር፣ ሸምገል ያለ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው፤ ሁለት ፌስታል ይዟል። በአንዱ ከእኛ የተላኩ ሃያ ቬፖች፣ በሌላው ከኢፖ ገበያ የገዛቸው ሃያ ቬፖች። ሳጥናቸው ተመሳሳይ ነው። አለቃ ሆንግ የቻውጆ ሰው ስለሆነ ያለ ሻይ ነገር አይጀምርም። የጣት ጫፍ በምታህል ሲኒ እየደጋገመ ቀዳለት። ከጎኑ፣ ቢሮው ጥግ፣ ቀይ ክር የታሰረበት፣ ገንዘብ ይስባል የሚባለው የሀብት ዛፉ ከነማሰሮው ቆሟል። ከልጆቹ በላይ የሚሳሳለት ዛፍ ነው።

«አቶ ሆንግ» አለ ያፕ፣ «ኦርጅናሉን ለሌላ ሸጠህ ለእኔ ፎርጅዱን ላክህልኝ።»

«በእናቴ! አቶ ያፕ፣ በእናቴ!» አለና ወደ በሩ ዞሮ ጮኸ፦ «እትዬ ታንን ጥሩልኝ!»

እትዬ ታን ገባች፤ እኔም ዕቃ አቀብል ተብዬ ተከተልኳት። አለቃ አርባውንም ከሳጥን አስወጥቶ ደባለቀና «ለዪልኝ» አላት። አንዱን አነሳች፣ መዘነችው፣ ቆብ አጥልቃ ሳበች። «የእኛ።» ሌላውን አነሳች። «የእኛ።» ሦስተኛውን ሳትስበው አስቀመጠችው። «ይሄ የእኛ አይደለም፤ ጥጡ አሯል፣ ከዚህ ይሸታል።» በሩብ ሰዓት ውስጥ አርባውን ሃያና ሃያ አድርጋ ከፈለቻቸው። ያፕ አስቀድሞ በስውር ምልክት አድርጎባቸው ነበርና እያገላበጠ ቆጠረ። አንድም አልተሳሳተችም።

«ድንቅ ነው» አለ፣ «ግን እህቴ የዚሁ ቤት ሠራተኛ ነሽ። ምን ትይ?»

ይሄኔ ተናደደች። እትዬ ታን ስትናደድ አትጮህም፤ የጥፍር መቁረጫዋን ከኪሷ ታወጣለች። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ቬፕ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ይሄ የእኛ ነው። ጥጡን ይዩት፣ ነጭ ነው። ይቺ ትንሿ ነገር ባትሪው ሲግል የምታጠፋው ናት። አሁን ደግሞ የእነሱን ይዩ። የምታጠፋው የታለች? የለችም። ባትሪው ከተጣለ ዕቃ ወጥቶ አዲስ ወረቀት ተጠቅልሎበታል፤ የድሮው ከሥሩ ይታያል። ፈሳሹም እየፈሰሰ ነው፤ ጣቴን ይዩት።»

ይህን እየተናገረች ሳለ የፎርጅዱ ባትሪ እጇ ላይ መሞቅ ጀመረ። ፊቷ ላይ አየሁት። «ዞር በሉ!» አለች። ከሥራ ጠረጴዛችን ሥር ለእንዲህ ያለ ቀን የአሸዋ ባልዲ አለ፤ አለቃ ቢሮ ግን ምን አሸዋ አለ? ግራ ቀኝ አይታ ባትሪውን የሀብት ዛፉ ማሰሮ ውስጥ ወረወረችው። ሽሽሽ አለና ጢስ አፈነዳ። ቀዩ ክር ተቃጠለ፣ ሦስት ቅጠል ጠቆረ። አለቃ ሆንግ ሻዩን በሙሉ ዛፉ ላይ ደፋ፤ ሲጨርስ ሲኒውንም ጨመረው።

ጢሱ ሳሳ ሲል ያፕ በዝግታ አወራ።

«እህቴ፣ እጅሽን አምናለሁ። ግን ደንበኛዬ የአንቺ እጅ የለውም፤ ያለው ስልክ ነው። ስልኩ ደግሞ የእናንተን ሌባ፣ የእነሱን ጨዋ ነው የሚለው። ሱቆቼ ስልኩ ደስ አለዎት የሚለውን ካልሆነ አንወስድም ብለዋል። ምን ላድርግ? ከእነሱ መግዛቴ ነው።»

እሷ ከዛፉ ሥር የሚወጣውን ጢስ እያየች ነበር። እኔ በክርኔ ጎሸምኳት። ዓይኔንም ጠቀስኩ። ሦስት ወር፣ አልኳት በዓይኔ። ሦስት ወር ብቻ።

«ያንን ዕቃ ሰው አፍ ውስጥ ሊያስገቡት ነው?» አለች። «አለቃ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ ነው አንቺ?»

«ኮዱን የጨረስኩት። ሳይታሸግ በፊት እያንዳንዱን በስልኬ ፈትሼዋለሁ።»

«እያንዳንዱን?»

«እርስዎ ነዎት እያንዳንዱን ያሉት።»

አለቃ ሆንግ ብድግ አለ። «ያ መፈክር ነው! መፈክር እኮ ነው! ማን መፈክር ይሠራል? አሥራ አንድ ዓመት አብልቼሽ፣ ታን ሹፋንግ፣ ቤቴን አፈረስሽው! ውጪልኝ! የፀጉር መረብሽን አስረክቢና ዛሬውኑ ውጪልኝ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እትዬ ታን የፀጉር መረቧን አውልቃ አጠፈችውና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እኔ፣ ስታደርግ አይቼ የሳቅኩት፣ ዝም በይ ብዬ የመከርኩት እኔ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። አንዲት ቃል አልወጣችልኝም። ስለዚያች ደቂቃ ሳስብ እስካሁን አፍራለሁ።

በሩ ላይ ስትደርስ ያፕ ጠራት።

«እህቴ፣ በየትኛው ስልክ ነው የፈተሽሽው?»

«በዚህችው በራሴ።»

«ሁሉንም?»

«ከሁለት በቀር። ሁለቱ አልነበብ ብለው መለስኳቸው።»

ያፕ ከእኛ ሃያ ሳጥን አንዱን አንስቶ በራሱ ስልክ አነበበው። ጥንቃቄ ከሚለው ሥር በትንንሽ ፊደል ኮዱ መጀመሪያ የተፈተሸበት ቀንና ሰዓት ተጽፏል፦ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ። እትዬ ታን ስልኳን ከፍታ የፈተሸችውን ዝርዝር በጣቷ ወደ ኋላ ገፋችው። አበባ፣ አበባ፣ አበባ፤ ያ ቀን፣ ያው ቁጥር፣ ሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ። ያፕ ሌላ አነሳ፤ ያም ገጠመ። አምስተኛው ሲገጥም ያ ድምፁን የማያነሳ ሰው ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ።

«አቶ ሆንግ! ዘጠኝ ሺህ ዕቃ ከዚህ ቤት መውጣቱን የሚመሰክር ሰው በገንዘብም አይገኝ! እንግዲህ ለሱቆቼ የምነግራቸው ይሄን ነው፦ ስልኩ ከተቆጣ ኦርጅናል ነው፤ ስልኩ ካቆላመጠ ሌባ ነው። ግን ምስክሯ የዚህች ሴትዮ ስልክ ነው። እሷ ከሄደች እኔም ሄድኩ።»

«ማን ትሂድ አለ?» አለ አለቃ ሆንግ። «እቤቷ ሄዳ ትረፍ ማለቴ ነው። ደክሟት የለ?»

እትዬ ታን ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። «ዕረፍቱ መዋጮዬን ያቋርጠዋል?»

«አንዲት ቀን እንኳ አያቋርጠውም!»

«ዌይ፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። ድምፄ የወጣው ያኔ ነው፤ ከሚገባው በላይም ጮኬ ነው የተናገርኩት።

ከዚያ በኋላ አለቃ ሆንግ ነገሩን የራሱ ሐሳብ አደረገው። አዲሱ ሳጥን ሲነበብ «ይህ ዕቃ በታን ሹፋንግ እጅ አንድ በአንድ ተፈትሿል» የሚል ከነፎቶዋ እንዲወጣ አዘዘ። ፎቶውን ያነሳኋት እኔ ነኝ። የፀጉር መረቧን አድርጋ፣ አንዱ ዓይኗ ተከድኖ፣ ጉንጯ መሳብ እንደለመደ ጎድጎድ ብሎ ወጣች። እንደገና ላንሳሽ ብላት «ሥራ አለብኝ» አለች። የኢፖ ሰዎች ወደዷት። ያፕ እንዳለው፣ አንዳንዱ ደንበኛ ቬፑን ሳይሆን የሴትዮዋን ቁጡ ፊት አይቶ ነው የሚገዛው።

አሥራ አምስት ዓመቷ ሞላ። የጡረታ ወረቀቷን ተቀብላ በመጣችበት ሳምንት ከምሳ ወረፋ የጎረቤት ፎርጅድ አንድ ገዝቼ አመጣሁና ጠረጴዛችን ላይ በስልኬ አነሳሁት። የእኛን ገጽ እንዳለ ገልብጠውታል። «በታን ሹፋንግ እጅ አንድ በአንድ ተፈትሿል» ይላል። ከሥሩ በፎቶው ያለችው ግን የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ቆዳዋ እንቁላል፣ ከንፈሯ ቀይ፣ ፈገግታዋ እስከ ጆሮዋ።

እትዬ ታን ስልኩን አቀረበች፣ አራቀች፣ መነጽሯን አደረገች።

«ይቺ ማናት?»

«አንቺ ነሽ ይላል።»

ሳጥኑን አንስታ አገላበጠችው። «ሳጥኑን ገልብጠዋል» አለች። «ማዕዘኑ ላይ ያለችውን የማተሚያ ስህተት ሳይቀር ገልብጠዋል። ስሜን ሳይጠይቁኝ ወስደዋል። እሺ፤ ፊቴን ሲያዩ ምን ቢሆኑ ነው የተዉት?»

አለቃ ሆንግ ግን ስልኩን ሲያይ በደስታ ዘለለ። እዚያው ቆሞ ለያፕ በድምፅ ላከለት፦ «አቶ ያፕ! ከዛሬ ጀምሮ ቀላል ነው! የምትወጣው ሴት ቆንጆ ከሆነች ዕቃውን አሸዋ ውስጥ ይጣሉት!» አጠገቡ መቆሟን ያየው መልእክቱ ከሄደ በኋላ ነው።

አንድ ሳምንት አላናገረችውም። ከዚያ ጡረታዋን ይዛ ወደ ሁናን ሄደች፤ ባሏን ከነወንበሩ አሁን በረንዳ ሳይሆን ጓሮ ነው የምታስወጣው። አለቃ ግን ፎቶዋን አልነቀለም፤ ስለ ፊቷ በየወሩ ይከፍላታል። ሦስት ፎርጅድ ሠሪዎች ሳጥናችንን ደግመው ደጋግመው ገለበጡት፤ የእትዬ ታንን ፊት የደፈረ ግን እስካሁን አልተገኘም።